ከእኛ በፊት ኳራንቲን የገቡት ፈረሶች

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1956 ሜልቦርን ላይ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙም የማይወራው ግን የዚያ ኦሎምፒክ የፈረስ ስፖርት ውድድሮች ሜልቦርን ላይ አለመካሄዳቸው ነው። የፈረስ ውድድሩ ተሰርዞ እንዳይመስላችሁ። የአውስትራሊያ ሕግ ከውጭ የሚገባ ፈረስ ስድስት ወር ተለይቶ እንዲቆይ ያስገድድ ነበር፤ መንግሥትም ለኦሎምፒክ ሲባል ሕጉን ለማላላት ፈቃደኛ አልሆነም። ስለዚህ ፈረሶቹና ጋላቢዎቹ ከሌላው ስፖርተኛ አምስት ወር ያህል ቀድመው፣ በሰኔ ወር፣ ስዊድን ስቶክሆልም ተወዳደሩ። አንድ ኦሎምፒክ፣ ሁለት አህጉር። በ2008 ቤጂንግ ስታዘጋጅም ፈረሶቹ የተላኩት ሆንግ ኮንግ ነበር። ምክንያቱ ያው ነው፤ የበሽታ ቁጥጥር።

እንግዲህ በ2020 እኛ «ኳራንቲን» የሚለውን ቃል ገና ስንለማመድ፣ የፈረስ ስፖርት ሰዎች ከቃሉ ጋር ለሁለት ትውልድ ያህል ኖረዋል ማለት ነው።

ማርች 24 ቀን 2020 የቶኪዮ ኦሎምፒክ በአንድ ዓመት መራዘሙ ተነገረ። እኛ ዘንድ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሊዛወር ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ጊዜ ነው። ፈረስ ሲሮጥበት የኖረ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሞላበትን ያን ሰሞን መቼም አንረሳውም። አውሮፓ ውስጥም ሜዳዎቹ ባዶ ሆኑ። ባድሚንተንና በርሊን የመሳሰሉት የእንግሊዝ ታላላቅ የፈረስ ውድድሮች በ2020ም በ2021ም አልተካሄዱም።

አንድ ሯጭ ቤትህ ተቀመጥ ሲባል ጫማውን በር ላይ ያስቀምጣል። ሲፈቀድለት አንስቶ ያጠልቀዋል። ፈረስን ግን በር ላይ አታስቀምጠውም። 600 ኪሎ የሚመዝን፣ ለመንቀሳቀስ የተፈጠረ እንስሳ ነው። ጋጣ ውስጥ ተዘግቶበት ሲቆም ጡንቻው ብቻ ሳይሆን ሆዱም ይታመማል፤ የሆድ ቁርጠት ደግሞ ፈረስን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከተማው ሁሉ በር ዘግቶ ሳለ አንድ ሰው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ድርቆሽ ማቅረብ፣ ጋጣ መጥረግ፣ ፈረሱን ማንሸራሸር ነበረበት። ባልደራስ የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የሰፈር ወይም የፓርቲ ስም ሆኖ ቀረ እንጂ፣ ድሮ የፈረስ ቤት አዛዥ መጠሪያ ነበር። የዚያን ዓመት የኦሎምፒክ ዝግጅት የተሸከሙት በዋናነት የዘመኑ ባልደራሶች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ስማቸው ግን ውጤት ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

ጋላቢዎቹስ? ቤታቸው ሜዳ ላላቸው ልምምድ አልቆመም፤ ግን ከባድ መሰናክል መዝለል ነውር መሰለ። የወደቀ ጋላቢ በኮሮና ታማሚዎች የተጨናነቀ ሆስፒታል ላይ ሌላ ሸክም ነውና። ብዙዎች ሶምሶማውን፣ መታጠፉን፣ የሰውነት ልስላሴውን ሲያስተካክሉ ከረሙ።

ከሁሉም የከበደው የጊዜ ነገር ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። በኦሎምፒክ ግን ፈረሱ ራሱ ተዋጊ ነው። ሰውየውና ፈረሱ አንድ ላይ ተወዳድረው የሚፈለገውን ደረጃ ማሟላታቸውን ማሳየት አለባቸው፤ ጋላቢው ብቻውን ጎበዝ ቢሆን ዋጋ የለውም። የፈረስ ምርጥ ዘመን ደግሞ አጭር ነው። የተራዘመው አንድ ዓመት ለወጣት ፈረስ ስጦታ፣ ለአረጀው ስንብት ነበር። (አጼ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያለ በፈረስ ስም ሲጠራ ለኖረ ሕዝብ ይህን ጥንድነት ማስረዳት አያስፈልግም።)

ሰዉ ትንሽ መተንፈስ ሲጀምር ሌላ ወረርሽኝ መጣ፤ ይሄኛው የፈረሶቹ የራሳቸው። በፌብሩዋሪ 2021 ስፔን ቫለንሲያ ውስጥ ለሳምንታት በሚቆይ የዝላይ ውድድር ላይ የፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ ተነሳ። በትንፋሽ፣ በንፍጥ፣ በጋራ ባልዲና ባልታጠበ እጅ ይተላለፋል። የሚታወቅ ነገር ነው አይደል? ከባሰበት ነርቭ ውስጥ ይገባና ፈረሱ መቆም ያቅተዋል። ማርች 1 ቀን ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ10 የአውሮፓ አገሮች ዓለም አቀፍ ውድድሮችን አገደ፤ እገዳው እስከ ኤፕሪል 11 ተራዘመ። ስዊድን ጎተንበርግ ላይ ሊደረግ የታሰበው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ቀረ። 18 ፈረሶች ሞቱ። ኦሎምፒኩ ሊጀመር አምስት ወር እንኳ አልቀረም ነበር።

ውድድር ሲመለስ ፈረሶቹ በር ላይ እየተመረመሩ፣ ሙቀታቸው በቀን ሁለቴ እየተለካ ነው። ጋላቢው አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ይገባበታል፤ ፈረሱም ቴርሞሜትሩ የሚገባበትን ቦታ ያውቀዋል።

ወደ ቶኪዮ የሚሄዱት ፈረሶች 60 ቀን የጤና ክትትል ተደረገላቸው፤ ከዚያ ለ7 ቀን ኳራንቲን ገቡ። ለአውሮፓዎቹ ጀርመን ያለችው አኽን ከተማ ዋናዋ ማቆያ ነበረች። ጁላይ 14 ቀን 36 ፈረሶች ከቤልጂየም ሊዬዥ ተነሱ፤ በዱባይ አድርገው ከ18 ሰዓት ጉዞ በኋላ ሃኔዳ አረፉ። ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ሳጥን፣ ድርቆሻቸው ፊታቸው ላይ፣ ባልደራሶቻቸውና ሐኪማቸው አብረዋቸው። ፓስፖርት አላቸው ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛ ፓስፖርት ነው። ለኦሎምፒኩና ለፓራሊምፒኩ ወደ ቶኪዮ እንዲጓዙ የታቀዱት ፈረሶች በድምሩ 325 ነበሩ። ተመልካች ግን አልተፈቀደም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ወደ እኛው አገር ይመልከት። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ አጊጠው የሚወጡትን የአገው ፈረሶች ያየ፣ እነዚህ ለምን ዓለም አቀፍ ሜዳ ላይ አይታዩም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ገንዘቡ፣ ሥልጠናው፣ የፈረሱ ዝርያም አለ፤ ግን አንዱ ትልቅ በር የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። በጥቃቅን ነካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ፣ ያልለመዱትን ፈረሶች በብዛት የሚጨርስ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ የሆነ በሽታ ነው። እሱ ካለበት አገር ፈረስ ማስወጣት እጅግ ከባድ ነው። ለአውሮፓ ፈረስ ኳራንቲን የወራት ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ፈረስ ከልደቱ ጀምሮ ያለ ነው።

ወደ ቶኪዮ እንመለስ። ጀርመናዊቷ ዩሊያ ክራየቭስኪ ለዓመታት የተማመነችው ሳሙራይ በተባለ ፈረስ ነበር። ውድድሯ ኢቨንቲንግ ነው፤ የሥልጡን እርምጃ ትርኢት፣ የሜዳ ግልቢያና ዝላይ በአንድ ፈረስ። በ2021 መጀመሪያ ሳሙራይ ዓይኑ ታሞ ወጣለትና ጡረታ ገባ። የቀረቻት አማንድ የምትባል የ11 ዓመት ባዝራ ናት። ባዝራዋ የኦሎምፒኩን መስፈርት ያሟላችው ውድድር እንደገና በተከፈተበት በዚያ ጠባብ ጸደይ ነው። ኦገስት 2 ቀን ሁለቱ በግል ወርቅ ወሰዱ። በዚህ ውድድር በግል ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ክራየቭስኪ ሆነች። ሴቶች በኦሎምፒክ ኢቨንቲንግ መወዳደር የጀመሩት በ1964 ነው፤ እዚያው ቶኪዮ።

ኦሎምፒኩ ቀኑን ጠብቆ በ2020 ቢካሄድ ኖሮ ዩሊያ የምትቀመጠው ሳሙራይ ላይ ሳይሆን አይቀርም። አማንድ ያኔ 10 ዓመቷ ነበር።