የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደም ግፊት ለእኛ ምን ያስተምረናል?



«ዶክተር፣ እኔ ግፊት የለብኝም። ቢኖርብኝ ራሴን ያመኝ ነበር።» ይህን ከታካሚዎቼ አዘውትሬ እሰማለሁ። ዛሬ መልሴን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ልስጣችሁ።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት አሜሪካን ከ12 ዓመት በላይ መርተዋል። የግል ሐኪም ነበራቸው፤ ግፊታቸውም ይለካ ነበር። ከመዝገባቸው የተገኙትን ቁጥሮች ተመልከቱ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፦

▪️ 1935፦ 136/78
▪️ 1937፦ 162/98
▪️ 1941፦ 188/105

ዛሬ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ የ1937ቱን ቁጥር ብታይ «ትንሽ አረፍ ይበሉና ደግመን እንለካ» ትላለች። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች መለኪያው አጥሯቸው አልነበረም። ጣሊያናዊው ሪቫ-ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ በ1896፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ የመለካቱን ዘዴ በ1905 አስተዋውቀው ነበር። ችግሩ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ብዙ ሐኪሞች «ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩ ያለ ነው፤ እንዲያውም በጠበበው ደም ሥር ደም በደንብ እንዲያልፍ ይረዳል» ብለው ያምኑ ነበር።

በማርች 1944 ሃዋርድ ብሩን የተባለ ወጣት የልብ ሐኪም ፕሬዚዳንቱን መረመራቸው። ግፊታቸው 186/108 ነበር። ልባቸው ሰፍቷል፤ መድከምም ጀምሯል። ብሩን ዕረፍት እንዲያደርጉ፣ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ መከራቸው፤ ለልብ ድካሙም መድኃኒት አዘዘ። ግፊቱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድ ኪኒን ግን ገና አልተገኘም ነበር።

አፕሪል 12 ቀን 1945 ሩዝቬልት ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ባለው ማረፊያቸው ተቀምጠው ሠዓሊ ምስላቸውን ስትሥል ድንገት ከባድ ራስ ምታት ተሰማቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ብሩን ደርሶ ሲለካቸው 300/190 ነበር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት በ63 ዓመታቸው አረፉ።

ልብ በሉ! ያ ራስ ምታት የመጣው ደም ሥሩ ሲፈነዳ ነው። ግፊቱ ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ፍራሚንግሃም በተባለች የማሳቹሴትስ ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን በየሁለት ዓመቱ እየመረመረ የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። ከዚህ ጥናት ከፍተኛ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የልብ በሽታን እንደሚያመጡ ተማርን። ቀጥሎ የነበረው ጥያቄ «ግፊቱን ብናወርደው ሰው ይድናል ወይ?» የሚል ነበር። በ1967 የወጣ ጥናት መለሰው። የታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የግፊት መድኃኒት፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። መድኃኒት ካላገኙት መካከል 27 ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰ፤ አራቱም ሞቱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የተጎዱት ሁለት ብቻ ሲሆኑ የሞተ አልነበረም።

ሩዝቬልት ሥልጣንም ሐኪምም እያላቸው ያላገኙት ኪኒን ዛሬ በየጤና ጣቢያው ይታዘዛል። እኛ ግን «ደህና ነኝ» ብለን አንለካም፤ ብንለካም ሲሻለን እናቆመዋለን። የወረደው እኮ መድኃኒቱን ስለወሰድን ነው!

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፦

✅ ምንም ባያማችሁም ቢያንስ በዓመት አንዴ ተለኩ። እናት አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

✅ ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ። ሽንት ቤት ሄዳችሁ ተመለሱ። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ለ5 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ሲለኩም አታውሩ።

✅ በተለያዩ ቀናት ተለክታችሁ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። አንድ ቀን ከፍ ማለቱ ብቻውን በሽታ አለ ማለት አይደለም።

✅ ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለው፣ የወጥ ማጣፈጫውም ይቆጠራል።

✅ «ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ»፣ «ሽፈራው እጠጣለሁ» ብላችሁ መድኃኒት አታቁሙ። ጾም ከሆነ ሰዓቱን እናስተካክላለን፤ ብቻ ሳታቋርጡ ጠይቁን።

🚨 ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ፣ ወይም ከዚህ በፊት የማታውቁት ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል!

እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው? ካላስታወሱ በዚህ ሳምንት ይለኩ። ይህንንም «እኔ ግፊት የለብኝም» ለሚል ወዳጅዎ ያጋሩ።

መልካም ጤና!