ዕፁን ማን ገዛው? ስለ ወሲብና አደንዛዥ ነገሮች ጥናት ከካርቱም የሚነሳ ሙግት

ወሲብና አደንዛዥ ዕፅ የተጣመሩበትን ልማድ በተመለከተ አዘውትሮ የሚጠቀሰው፣ አዳም ቦርንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ደቡብ ለንደን ያሳተሙት ጥናት ነው። 30 ወንዶችን አነጋግረው ሜፌድሮንና ክሪስታል ሜታምፌታሚን ደስታን ለማርዘም እንደሚወሰዱ አሳይተዋል። ለለንደን ይበቃል።

ሙግቴ ከአገር ቤቱ ጥናት ጋር ነው። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 የሆኑ ከ20 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን መርምረው፣ በየቀኑ ጫት መቃምም ሆነ በየቀኑ መጠጣት ያለ ኮንዶም ከሚደረግ ግንኙነት ጋር እንደሚያያዝ አረጋገጡ። በየቀኑ በሚጠጡት ዘንድ የዚህ ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ቁጥሩን አልጠራጠርም። ነገር ግን ዕፁ እዚህ የወጣቱ የግል ጠባይ ሆኖ ብቻ ይለካል። ጫቱን ማን ገዛው? መጠጡን ማን አዘዘው? እምቢ ያለችው ምን ይደርስባታል? ላቀች ድራሴ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎች በጻፉት የዶክትሬት ሥራ ጉዳዩን የኑሮና የገቢ ጥያቄ አድርገው አንስተውት ነበር። ከ27 ዓመት በኋላ የመጣው ጥናት ከዚያ መጀመር ነበረበት።

ኢትዮጵያውያት ስደተኞች የሚኖሩባት ካርቱም ይህን ጉድለት አጉልታ ታሳያለች። በሱዳን መጠጥ ከ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) የሸሪዓ ሕግ ጀምሮ ተከልክሎ፣ ጠጪና ሻጭ ይገረፍ ነበር፤ የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ የተሻረው ገና በኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። አረቄ ከጓዳ ሲሸጥ፣ የሻጯና የአስተናጋጇ ደኅንነት በደንበኛው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በካርቱም በቡድን የተደፈረችን ኢትዮጵያዊት ስደተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ራሷን «በነውር ድርጊት» ጥፋተኛ አላት። ይህን የሰማች ሴት ደንበኛው አስገድዶ ያጠጣትን ወይም ያስዋጣትን ለማን ትናገር? ከ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ጦርነት በፊት በከተማዋ ያሳሰበው «አይስ» የተባለው ሜታምፌታሚንም የገባው በዚሁ ዝምታ ውስጥ ነው።

«ይህን ማንሳት የስደተኞቹን ስም ያጎድፋል» የሚሉ አሉ። ስማቸውን ያጎደፈው ፍርዱ ነው። በታተሙ ሥራዎችና በሕግ ላይ ብቻ ስለተመሠረትሁ ድምዳሜዬ በጥንቃቄ ይያዝ፤ አቅጣጫው ግን አያሻማም።

ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከካርቱም የሸሹ ብዙዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። አገልግሎቱ እዚያው ይጀመር፦ መታወቂያ ሳይጠየቅ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራና ከተጋላጭነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት፣ ከሱስ የመውጫ ሕክምና፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ የሚናገሩ ሴት አማካሪዎች። መጠይቁም «ምን ወሰድሽ?» ብሎ አይጀምር፤ «ማን ሰጠሽ?» ይበል።