አሮጌ የጦር ሜዳ መነጽር ስለ ምን ይወደዳል?

ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ በአብዛኛው ልክ ነው። የጥሩ የጦር ሜዳ መነጽር ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ከሃምሳ ወይም ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ምርጥ መነጽር ዛሬም ፈላጊ አለው፤ ያገኘውም ሰው በጥንቃቄ ይይዘዋል። ይህ አሮጌ ነገርን ከመውደድ ብቻ የመጣ ነውን? ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ለዚህ መልስ ለማግኘት የመሣሪያውን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ

በ1608 በኔዘርላንድ ሐንስ ሊፐርሄይ የተባለ መነጽር ሠሪ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ቱቦ ሠርቶ የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ለአገሩ ምክር ቤት አመለከተ። ምክር ቤቱም በሁለት ዓይን የሚታይበት አድርጎ እንዲሠራው ጠየቀው። ሐሳቡ ይህን ያህል የቆየ ቢሆንም ሥራው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁለት ዓይነት ቱቦዎች አንደኛው ምስሉን ይገለብጣል፤ ሁለተኛው ምስሉን ቀጥ አድርጎ ቢያሳይም የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው።

በ1854 ኢኛዚዮ ፖሮ የተባለ ኢጣሊያዊ ብርሃኑን በፕሪዝሞች ውስጥ በማመላለስ የተገለበጠውን ምስል ማቃናት እንደሚቻል አሳየ። የብርሃኑ መንገድ ስለሚታጠፍ ቱቦውም ያጥራል። ነገር ግን ለፕሪዝም የሚሆን በቂ ጥራት ያለው መስተዋት ስላልነበረ ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት ፍሬ ሳያፈራ ቆየ።

ችግሩ የተፈታው በጀርመን አገር በዬና ከተማ ነው። ካርል ዛይስ በዚህች ከተማ በ1846 አነስተኛ የሥራ ቤት ከፍቶ ነበር። በ1866 የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት አቤ አብሮት መሥራት ጀመረ። በ1884 ደግሞ ኦቶ ሾት ከእነርሱ ጋር ሆኖ የመስተዋት ፋብሪካ አቋቋመ። መስተዋቱ በመሻሻሉ ድርጅቱ በ1894 ባለ ፕሪዝም መነጽሮቹን ለገበያ አቀረበ። አቤ የፕሪዝሙን ሐሳብ በራሱ ጥረት ደርሶበት ነበር፤ ሆኖም ፖሮ ቀድሞት ስለተገኘ ድርጅቱ የፈጠራ መብት ያገኘው በሌላ ነገር ነው። ይኸውም የፊት ሌንሶቹ በዓይኖቻችን መካከል ካለው ርቀት ይበልጥ ተራርቀው መቀመጣቸው ነው። በዚህም ምክንያት የቅርቡና የሩቁ ነገር ተለያይቶ፣ ጥልቀት ኖሮት ይታያል።

ከየቤቱ የተሰበሰቡ መነጽሮች

የመነጽሩ ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ የአንደኛው የዓለም ጦርነት በግልጽ አሳየ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ከጀርመን ይመጣ የነበረው ዕቃ ተቋረጠ፤ የባሕር ኃይሏም መነጽር አጠረው። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሕዝቡ የግል መነጽሩን እንዲያውስ ጥሪ አደረገ። ከ50,000 የሚበልጡ መነጽሮች ደረሱ። መንግሥት ለያንዳንዱ አንድ ዶላር ኪራይ ከፈለ፤ ከጦርነቱ በኋላም መነጽሮቹ ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ ተደረገ።

ብርሃንና ክፍፍል

ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ወይም ከመስተዋት ወደ አየር ሲያልፍ በያንዳንዱ ገጽ ላይ ከመቶ አራት ያህሉ ተንጸባርቆ ይባክናል። አሥር ገጽ ባለው መነጽር ውስጥ ካለፈ ከመቶ 66 ያህሉ ብቻ ይቀራል። በ1935 በዛይስ ድርጅት ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንሱን እጅግ በሳሳ ሽፋን በመቀባት ብክነቱን የሚቀንስ ዘዴ አገኘ። አሮጌ መነጽር የገዛ ሰው ሌንሱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ነጸብራቅ የሚፈልገው ይህን ሽፋን ለማወቅ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በሚያዝያ 1945 የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ። በሰኔ ከተማይቱን ለሶቪየት ጦር ለቆ ሲወጣ ከ70 የሚበልጡ የድርጅቱን ባለሙያዎች ይዞ ሄደ። በ1946 ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ የፋብሪካውን አብዛኛውን መሣሪያ ነቅላ ወሰደች። በዚህ ሁኔታ አንዱ ዛይስ ሁለት ሆነ፤ አንዱ በምሥራቅ በዬና፣ ሌላው በምዕራብ በኦበርኮኸን። ሁለቱ በስሙ ባለቤትነት ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከሩ። እንደገና የተዋሐዱት ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ከተዋሐዱ በኋላ ነው። ስለዚህ በመነጽሩ ብረት ላይ የተቀረጸው የከተማ ስምና ተራ ቁጥር የታሪክ ሰነድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ለምን ይወደዳል?

እውነቱን ለመናገር፣ የዛሬዎቹ ምርጥ መነጽሮች ይበልጥ ብሩህ ናቸው፤ ብዙዎቹም ውኃ አያስገቡም። ይሁን እንጂ አሮጌው በአንዳንድ ነገር ወደ ኋላ አይቀርም። በ1920 የተጀመረው የዬና «ዴልትሪንተም» ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ ሲሆን፣ በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 150 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። ይህ ስፋት ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ከሁሉም በላይ አሮጌው መነጽር ሊጠገን ይችላል። በብሎን የተያያዘ ስለሆነ ባለሙያ ፈትቶ ያጸዳዋል፣ ያስተካክለዋል። መስተዋቱ በደንብ ከተያዘ ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይኖራል። የአሮጌው መነጽር ማራኪነት እዚህ ላይ ነው፤ ተሠርቶ እንዲጣል ሳይሆን ተጠግኖ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የታሰበ ዕቃ ነው።

ያም ሆኖ አሮጌ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ውስጡ ሻጋታ የያዘ ወይም ሁለቱ ምስሎች አንድ ሆነው የማይታዩበት መነጽር ዓይንን ያደክማል፣ ራስን ያሳምማል። ደግሞም አሮጌም ይሁን አዲስ፣ በማናቸውም መነጽር ፀሐይን መመልከት ዓይንን ያጠፋል።

ለክፍል ሥራ

1. በመነጽር ላይ «8×30» ተብሎ ሲጻፍ 8 የማቅረብ ኃይሉን፣ 30 የፊት ሌንሱን ወርድ በሚሊሜትር ያመለክታል። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ብናካፍል ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን ክብ ወርድ እናገኛለን። የ«8×30»ንና የ«7×50»ን አስሉ። በምሽት የሚሻለው የትኛው ነው? ለምን?
2. በትምህርት ቤታችሁ መጋዘን ወይም በቤታችሁ ካለ አሮጌ መሣሪያ አንዱን ምረጡ። በላዩ የተጻፈውን አንብባችሁ የት፣ መቼና በማን እንደተሠራ ለማወቅ ሞክሩ።