ኦልድ ቤይሊ፦ የለንደኑ የወንጀል ችሎት

ኦልድ ቤይሊ የእንግሊዝና የዌልስ ማዕከላዊ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው፤ መጠሪያውን ያገኘው ለንደን ውስጥ ከቆመበት ጎዳና ነው። በስፍራው ማስቻል የተጀመረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኒውጌት ወህኒ ቤት አጠገቡ ስለነበር እስረኛ ለማቅረብም ሆነ ለመመለስ አያስቸግርም ነበር። የቀድሞው ሕንፃ በ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ወደመ።

አዲስ ሕንፃ ሳይሠራ፣ በ1670 በዚሁ ችሎት የተሰማው ጉዳይ በእንግሊዝ የሕግ ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። የኩዌከር ማኅበረ ምእመናን አባላት ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የጸሎት ቤታቸው ቢዘጋ መንገድ ላይ ተሰብስበው በመገኘታቸው በሕገ ወጥ ስብሰባ ተከሰሱ። ብያኔ ለመስጠት ከሕዝብ መካከል የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ጁሪዎች ግን ፔን ያደረገው ነገር ቢኖር ጎዳና ላይ መናገር ብቻ ነው አሉ። ዳኞቹ ተቆጡ። ጁሪዎቹ ያለ ምግብ፣ ያለ መጠጥና ያለ እሳት ሁለት ሌሊት ተቆልፎባቸው አደሩ፤ ቢሆንም ተከሳሾቹ ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ጸኑ። በዚህም መቀጮ ተጣለባቸው፤ አንከፍልም ያሉት እነ ኤድዋርድ ቡሼል ወደ ኒውጌት ተወሰዱ። አቤቱታቸውን የሰሙት ዋና ዳኛ ጆን ቮን ጁሪ በሰጠው ውሳኔ ሊቀጣ አይገባም ሲሉ በየኑ። ፍርድ ቤቱ ካያቸው ጉዳዮች ሁሉ ለሕዝብ መብት ትልቁን ውለታ የዋለው ይህ ነው፤ የጁሪዎቹን ጽናት የሚዘክር ሰሌዳም ዛሬ በሕንፃው ውስጥ ይታያል።

በ1674 የተሠራው የችሎት አዳራሽ አንዱ ጎኑ ክፍት ነበር። ምክንያቱ ተስቦ ነው፤ እስረኞቹ ከወህኒ ቤት ይዘውት የሚመጡት በሽታ በነፋስ ይበተናል ተብሎ ታምኖ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗ ገና አልታወቀም። ኋላ አዳራሹ ተከደነ፤ በ1750 ከችሎቱ የተነሣው ተስቦ የለንደኑን ከንቲባና ሁለት ዳኞችን ጨምሮ ወደ 60 ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ ዳኞች መልካም መዓዛ ያላቸው አበባዎችና ቅጠላ ቅጠሎች ይዘው ይሰየሙ ጀመር፤ ልማዱ እስካሁን አልቀረም።

ከ1783 እስከ 1868 ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ከኒውጌት ደጃፍ በሕዝብ ፊት ይሰቀሉ ነበር። ወህኒ ቤቱ ፈርሶ በቦታው የዛሬው ሕንፃ ተሠራና በ1907 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ መረቁት። በጉልላቱ ላይ ሰይፍና ሚዛን የያዘች የፍትሕ ሐውልት ቆማለች፤ ዓይኗ አልተሸፈነም።

ሚስቱን ገድሏል የተባለው ዶክተር ክሪፐን በ1910 ሞት የተፈረደበት በዚህ ሕንፃ ነው። በ1913 ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት ኤመሊን ፓንክኸርስት እዚሁ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ልጃቸው ሲልቪያ ኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሆነው አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፈዋል። በ1960 ደግሞ ፔንግዊን አሳታሚ የዲ. ኤች. ሎረንስን ልብ ወለድ በማሳተሙ በብልግና ተከሶ ጁሪው ነፃ አወጣው።

ጁሪ የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። በእንግሊዟ የጊልፎርድ ከተማ መጠጥ ቤቶች ቦምብ አፈንድተዋል የተባሉ አራት ወጣቶች በ1975 እዚሁ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ዳኛው በአገር ክህደት ባለመከሰሳቸው ማዘናቸውን ተናገሩ፤ ለዚያ ወንጀል የሞት ቅጣት ገና አልተሻረም ነበርና። በ1989 የፖሊስ ማስረጃ ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋግጦ ፍርዱ ሲሻር፣ አራቱ ወደ 15 ዓመት ገደማ ታስረው ነበር።