የአያቴ በልጅግ

አርብ ዕለት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ አድዋ ላይ አሸንፈን ከ40 ዓመት በኋላ ለምን ተሸነፍን?" አለኝ። አውሮፕላኑን፣ የመርዝ ጋዙን ነገርኩት። ደወል ተደወለና ወጣሁ። ከታቦር ወደ ቤት ባጃጅ ላይ ሆኜ ግን መልሴ ጎደለብኝ፤ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ ይርጋለም አካባቢ ነበር የሚኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በልጅጋቸውን ይወለውላሉ። ማቀባበያውን መዘው ያወጡና ይፈቱታል፤ ሞላው ለብቻ፣ መርፌው ለብቻ፣ ጨርቅ ላይ። መፍታቱ ቀላል ነው፣ ጉዱ መግጠሙ ላይ ነው! መርፌው ሞላውን ተጭኖ ወደኋላ እንደተሳበ ቦታው ላይ ካልቆመ ተመልሶ ጠመንጃው ውስጥ አይገባም። እኔ ስሞክር ሞላው ያመልጠኛል፣ እሳቸው ይስቃሉ። አንድ ቀን "የሌላ ጠመንጃ ማቀባበያ አይገጥመውም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁን አቆሙ። የአባታቸውን ነገር የነገሩኝ ያን ቀን ነው።

ታሪኩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስሞቹን ልብ በሉ። ሰናድር የምንለው ስናይደር ነው፣ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ይዘውት የመጡት። ውጅግራ "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ። በልጅግ የቤልጂግ ማውዘር ነው፣ ጥይቱ 7.92፣ አምስት አምስት ይጎርሳል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፣ ማቀባበያውም እንደዚያው።

በ1888 ይሄ ብዙ አልጎዳንም። ጣሊያንም አድዋ ያመጣው ቬተርሊ የእኛኑ ዘመን መሣሪያ ነበር፣ ውጊያውም በአንድ ቀን አለቀ። በ1928 ግን ጦርነቱ ወራት ፈጀ። ደግሞ እነ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል "ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም" ብለው ነበር። ፍርድ ተብዬው! ጣሊያን እኮ የራሱ ፋብሪካ አለው።

ያኔ ሐዋሳ የምትባል ከተማ የለችም። ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ጦራቸውን ይዘው ወደ ዶሎ ወረዱ፤ የአያቴ አባትም ውጅግራቸውን ይዘው ተከተሉ። ጥር ላይ ገናሌ ዶርያ ተሸነፉ። ራስ ደስታ ግን ተይዘው እስከተረሸኑበት እስከ የካቲት 1929 ድረስ እጅ አልሰጡም።

በዚያ ሽሽትና ውጊያ መሃል የአያቴ አባት ጥይት አለቀባቸው። ጎናቸው የነበረው ጓደኛቸው ዝናሩ ሙሉ ነው፣ ግን የበልጅግ ጥይት ነው። ሊያካፍላቸው ፈልጎ አልቻለም። ባዶ ውጅግራ ይዘው አጠገቡ ተኙ። የሚሠራ ጠመንጃ ያገኙት እሱ ሲመታ ነው።

አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወለውሉት ያንን በልጅግ ነበር።

ሰኞ ይሄን ለተማሪዬ እጨምርለታለሁ። እናንተስ፣ አያቶቻችሁ ምን ነበር የያዙት? ስሙን ጻፉልኝ።