ከአዲስ ዓለም እስከ ሐሮ ወንጪ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ጎዳና ሆለታን እንዳለፈ የሚያደርሰው ርእሰ ከተማ እንድትሆን ታስባ ሳትሆን ወደ ቀረች ከተማ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ተጨፍጭፎ ማገዶ ሲጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ኤጄሬ ሊያዛውሩ አሰቡ፤ ቦታውንም አዲስ ዓለም አሉት። ይሁን እንጂ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ ያቆሙትን ሕንፃ ጥለው መሄድን አልወደዱም፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍም ፈጥኖ አደገ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ኮረብታ የማርያም ደብር ሆነ። ዛሬ በዚያው ጎዳና ላይ አጣና የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ይታያል። ከአዲስ ዓለም ላይ ዘውዱን ያስቀረባት ዛፍ የገበሬዋ ገቢ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይሰፋል። የጊንጪ መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ቋጥሮ እግርና ጎማ ይይዛል፤ ውሃው ሲሸሽ ግን በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል። አዋሽ የሚነሣው ከዚሁ ደጋ ነው። በደንዲ ተራሮች በአንዱ ወገን የወረደው ዝናብ በአዋሽ በኩል አፋር በረሃ ገብቶ ሲቀር፣ በሌላው ወገን የወረደው በሁሉቃና በጉደር አድርጎ ከዓባይ ይቀላቀላል። በልጅነቱ ዱር ቤቴ ብሎ የጣሊያንን ጦር የወጋው ጃገማ ኬሎ የዚሁ የደንዲ ተወላጅ ነው።

አምቦ በሁለት ስም ኖራለች። መዝገቡ ሀገረ ሕይወት ሲላት ሕዝቡ አምቦ ማለቱን አልተወም፤ ጸንቶ የቀረውም የሕዝቡ አጠራር ነው። ማዕድናም ውሃዋ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጠርሙስ መታሸግ ከጀመረ ወዲህ ስሟ በየገበታው ይጠራል። «አንድ አምቦ!» ብሎ የሚያዝ ደንበኛ የጠራው የከተማ ስም መሆኑን ልብ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ በቦዳ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለደ፤ ትምህርቱንም በአምቦ ጀመረ። እንዲህ ያለችውን ከተማ በጠርሙሷ ብቻ ማወቅ ግን ውለታ ቢስነት ነው።

ከአምቦ በስተ ደቡብ መንገዱ እየከበደ ይወጣል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ነው፤ ወንጪም ከ3300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ መነኮሳቱም ምእመናኑም የሚሻገሩት በጀልባ ነው። በገደሉ ውስጥ ገብስና እንሰት የሚያለማው ገበሬ እንግዳ ሲመጣ ፈረሱን ያከራያል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር መዘገባት፤ በገበታ ለሀገር የተሠራው ማረፊያም በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መኪናው እስከ ሐይቁ አፋፍ መድረስ ከቻለ እንግዳው ፈረስ ለምን ይሻል? ባለ ፈረሶቹ በማረፊያው ገቢ ውስጥ ምን ድርሻ እንደሚኖራቸው መወሰን ያለበት ልጓሙ ከእጃቸው ሳይወጣ ነው።