በአንጀት ላይ የተጠመጠመ ብር

አማርኛ ተናጋሪ ሐዘን የሚቀሰቅስ ዜማ ሲሰማ «አንጀት ይበላል» ይላል። በበገና ላይ ግን ነገሩ ከፈሊጥ ያልፋል፤ አሥሩ የበገና አውታሮች በልማድ የሚሠሩት ታጥቦ ከተፈተለ የበግ አንጀት ነውና። የአውሮፓ ቫዮሊን፣ ቪዮላ ዳ ጋምባና ቼሎም ለብዙ መቶ ዓመታት ድምፃቸውን ያገኙት ከዚሁ ጥሬ ዕቃ ነው። ብረትና ሰው ሠራሽ ክር በደጋን በሚመቱ መሣሪያዎች ላይ የተስፋፉት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ዛሬ የጥንቱን ሙዚቃ በጥንቱ ድምፅ መጫወት የሚሹ ሙዚቀኞች ወደ አንጀት ተመልሰዋል። ሆኖም አንጀት መግጠም ብቻውን አይበቃም። ለዝቅተኛዎቹ ድምፆች ልሙጥ አንጀት ይሁን ወይስ ብር ወይም መዳብ የተጠመጠመበት? ጥያቄው ሲያዩት የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ታሪክ ውስጥ ነው። ያ ቀጭን ሽቦ ከመምጣቱ በፊትና ከመጣ በኋላ የተሠሩት መሣሪያዎች አንድ አይደሉምና።

የችግሩን ምንጭ ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ በቁጥር አስቀምጦታል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አውታር ሲረዝም፣ ሲወፍር ወይም ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። ውጥረቱና ርዝመቱ ሳይለወጥ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ እንዲወርድ ከተፈለገ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። የቫዮሊን ከፍተኛው አውታር 0.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ዝቅተኛው በእኩል ውጥረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ የወፈረ አንጀት ደግሞ ግትር ነው፤ ደጋኑ ሲነካው ቶሎ አይናገርም፣ ድምፁም ይደፈናል።

መሣሪያውን ማስረዘም አንዱ መፍትሔ ነበር። እርሱም ወሰን አለው፤ ከፍተኛው አውታር ከተወሰነ ርዝመት ካለፈ በቅኝቱ ላይ ሳይደርስ ይበጠሳል። ስለዚህ ሠሪው በላይኛው አውታር መበጠስና በታችኛው መደፈን መካከል ተይዞ ነበር። የዚያ ዘመን ባስ መሣሪያዎች ግዙፍ የሆኑት፣ ለጣትም ያስቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

መውጫው የተገኘው በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በ1659 በለንደን የሳሙኤል ሃርትሊብ ማስታወሻ ላይ ጎሬትስኪ የሚባል ሰው በብር ሽቦ የተሸፈነ የሉት አውታር መፍጠሩ ተጽፏል። በ1664 ደግሞ የሙዚቃ አሳታሚው ጆን ፕሌይፎርድ አዲሱን አውታር ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ፦ በአንጀት ወይም በሐር ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ፣ ከተለመደው አንጀት ይልቅ ድምፁ ያማረና የጎላ። ሁለቱን ሞክሮ በሐር ላይ የተጠመጠመው ይበልጥ እንደሚጸና መሰከረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብር ከአንጀት በስምንት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ውጥረቱን የሚሸከመው መካከል ያለው ቀጭን አንጀት ነው፤ ሽቦው ክብደት ይጨምራል እንጂ አያገትርም። አውታሩ ቀጭንና ልል ሆኖ ሳለ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ውጤቱ በየአገሩ ታየ። በፈረንሳይ ዣን ሩሶ በ1687 ባሳተመው የቪዮል መጽሐፍ ብር ለበስ አውታርን ያስለመደውም ሰባተኛውን አውታር የጨመረውም ሴንት ኮሎምብ መሆኑን ጻፈ። ተማሪው ማሬን ማሬ የደረሳቸው ሥራዎች ይህን ሰባተኛ አውታር ይፈልጋሉ። በጣሊያን «ቪዮሎንቼሎ» የሚለው ስም በኅትመት የታየው በ1665 ነው። መሣሪያው ከግዙፉ ባስ ወደ አነስተኛው ቼሎ የተሸጋገረው በሽቦ ለበሱ አውታር ምክንያት ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ስትራዲቫሪ በ1701 የሠራው፣ ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን የሚገኘው «ሰርቬ» የተባለው ቼሎ የአካሉ ርዝመት 79 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያወጣው ሞዴል ግን ወደ 76 ሴንቲ ሜትር ወረደ።

ለውጡ ያለ ኪሳራ አልመጣም። ከቀደሙት ትልልቅ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በኋላ ባለሙያዎች እጅ ተቆርጠው አነሱ። የተቆረጠ እንጨት አይበቅልም፤ መጀመሪያ የነበራቸውን ድምፅ ዳግም መስማት አይቻልም።

የዛሬው ምርጫ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። በ1607 የቀረበውን የሞንቴቬርዲን «ኦርፌኦ» በብር ለበስ ባስ የሚጫወት ሰው፣ ደራሲው ያላወቀውን ድምፅ እያሰማ ነው። ለዚያ ሙዚቃ የሚስማማው እስከ ታች ድረስ ልሙጥ አንጀት ነው። ለማሬ ቪዮል ግን ሽቦ ለበሱ ግዴታ ነው። ለባሕ የቼሎ ስዊቶች ብዙዎች ሁለቱን የላይኞች ልሙጥ፣ ሁለቱን የታችኞች ሽቦ ለበስ ያደርጋሉ። በልሙጡና በለበሱ መካከል ድምፁ በድንገት እንዳይዘል ሽቦው አልፎ አልፎ ብቻ የተጠመጠመበት ግማሽ ለበስ አውታርም አለ፤ ፈረንሳዊው ብሮሳር በ1710ዎቹ መጀመሪያ ለቫዮሊን ሦስተኛ አውታር ጠቅሶታል።

የሽቦው ዓይነትም ይታያል። ብርና መዳብ ለዘመኑ የታመኑ ናቸው፤ አሉሚኒየም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በ1825 በመሆኑ በባሮክ ቫዮሊን ላይ እንግዳ ነው። የድሮው ሽቦ ክብ ነበር፤ እንደ ዛሬው ጠፍጣፋና የተወለወለ አልነበረም። ማሞቂያ ባለበት ደረቅ ክረምት አንጀቱ ሲሸበሸብ ሽቦው ይላላል፣ መንዘርዘርም ይጀምራል። ፕሌይፎርድ ሐርን የመረጠው ለምን እንደሆነ እንዲህ ያለ አውታር የያዘ ተጫዋች ለመገመት አይቸገርም።

ከ1659 በፊት ሠሪዎች እንዴት ይዘልቁ እንደነበር ግን እስካሁን ያከራክራል። አንጀት ስለሚበሰብስ ማስረጃው በአብዛኛው ሥዕልና ጽሑፍ ነው። በሥዕሎቹ ላይ ጥቁር ቡናማ የሆኑ የባስ አውታሮች ስለሚታዩ፣ አንጀቱ እንዲከብድ በብረት ውሕድ ይነከር ነበር የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ፈትሉ እንደ ገመድ ተገምዶ ይለሰልስ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አውታሩን ራሳቸው ሠርተው ይሞክሩታል፤ ክርክሩ በወረቀት ሳይሆን በጆሮ ይፈተናል።

በአገር ቤትም በውጭም በናይለን የተወጠሩ በገናዎች ዛሬ ብዙ ናቸው። ናይለን ርካሽ ነው፣ አየር አይለውጠውም፣ ቶሎም አይበጠስም፤ የሽቦው ጥቅምም በ1664 እንዲሁ አሳማኝ ነበር። ልዩነቱ የበገናው እንጨት አለመቆረጡ ነው። አንጀት ማክረር የሚያውቅ እጅ እስካለ ድረስ አውታሩን ፈትቶ መመለስ ይቻላል።